የወረዳ ግንባታ ጨረታና «ዝቅተኛ ዋጋ» የሚባለው ነገር

በኢትዮጵያ የመማሪያ ክፍል፣ ጤና ኬላ፣ የገጠር መንገድ ድልድይ ወይም የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሲገነባ ወጪው ብዙ ጊዜ የሚሸፈነው ከወረዳ ወይም ከከተማ አስተዳደር በጀት ሲሆን፣ ይህ አሠራር ሥር የያዘው ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች ለወረዳዎች ጥቅል በጀት መስጠት ከተጀመረ ወዲህ ነው። ትምህርት ወይም ጤና ጽሕፈት ቤቱ ፍላጎቱን ያቀርባል እንጂ በአብዛኛው ራሱ አይገዛም፤ ግዥውን የሚፈጽመው በፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ሥር የተደራጀው፣ በተለምዶ «ፑል» የሚባለው የጋራ ቡድን ነው። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ግዥ ለብዙ ዓመታት በአዋጅ ቁጥር 649/2001 ሲመራ ቆይቶ በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 የተተካ ሲሆን፣ ክልሎችም የየራሳቸው አዋጅና መመሪያ አላቸው። በሁሉም ዘንድ ግልጽ ጨረታ፣ ማለትም መስፈርቱን የሚያሟላ ማንኛውም ተቋራጭ የሚወዳደርበት ስልት፣ እንደ መርሕ ይወሰዳል፤ ውስን ጨረታ፣ ፕሮፎርማ እና ከአንድ አቅራቢ መግዛት በልዩ ሁኔታ ብቻ የሚፈቀዱ ናቸው።

የጨረታ ማስታወቂያ አንባቢ ከጋዜጣ ገጽ በደንብ ያውቀዋል፦ የዘመኑን ግብር የከፈለ፣ የታደሰ ንግድ ፈቃድ ያለው፣ ደረጃው ለሥራው የሚመጥን፣ የጨረታ ማስከበሪያ በሲፒኦ ወይም በባንክ ዋስትና የሚያስይዝ። የጨረታ ማስከበሪያው አሸናፊው ውል አልፈርምም እንዳይል የሚያዝ ሲሆን፣ ውል ሲፈረም በውል ማስከበሪያ ይተካል፤ ይህም በፌዴራሉ መመሪያ የውሉ ዋጋ 10 በመቶ ነው። ተቋራጩ ሥራ ማስጀመሪያ የሚሆን እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ቅድመ ክፍያ ሊወስድ ይችላል፤ ለዚህም የተለየ ዋስትና ይጠየቃል።

ሳጥኑ ተዘግቶ ፖስታው ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት ሲከፈት የሚነበበው ጠቅላላ ዋጋ የሁሉንም ዓይን ይስባል፤ ይሁንና ያ ቁጥር የመጨረሻው አይደለም። ገምጋሚዎቹ በመጀመሪያ የሒሳብ ስሕተት ያርማሉ፦ በአኃዝና በፊደል የተጻፈው ዋጋ ከተለያየ በፊደል የተጻፈው ይጸናል፤ የነጠላ ዋጋና የድምሩ ልዩነት ሲኖር ደግሞ በአብዛኛው የነጠላ ዋጋው ይጸናል። ከዚህ በኋላ ዋጋው ከመሐንዲስ ግምት ጋር ይነጻጸራል፤ ግምቱ የተሠራው ከሁለት ዓመት በፊት በነበረ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ከሆነ ንጽጽሩ ብዙም የሚያሳየው ነገር አይኖርም።

የጨረታው ዕጣ ይበልጡን የሚወሰነው ግን የሥራ ዝርዝርና መጠን በሚያሳየው ሰነድ፣ ባለሙያዎች «ቢል ኦፍ ኳንቲቲ» በሚሉት ወረቀት ላይ ነው። ለማስረዳት ያህል፣ ለአንድ ባለ አራት ክፍል ሕንፃ መሠረት 300 ሜትር ኩብ የአፈር ቁፋሮና 20 ሜትር ኩብ የአለት ቁፋሮ ተይዟል እንበል። አንዱ ተጫራች ለአፈር 350፣ ለአለት 900 ብር ሲሞላ ድምሩ 123 ሺህ ብር ይሆናል፤ ሌላው ቦታውን አይቶ መሬቱ ድንጋያማ መሆኑን ስለተረዳ አፈሩን በ150፣ አለቱን በ3,000 ብር ይሞላና በ105 ሺህ ብር ዝቅተኛ ሆኖ ይገኛል። ቁፋሮው ሲጀመር አፈሩ 120፣ አለቱ 200 ሜትር ኩብ ከሆነ፣ ክፍያ የሚፈጸመው በተለካው መጠን ስለሆነ የመጀመሪያው ተጫራች 222 ሺህ ብር በጠየቀ ነበር፤ አሸናፊው ግን 618 ሺህ ብር ይከፈለዋል። እዚህ ላይ የተጣሰ ሕግ ላይኖር ይችላል፤ ያልተመጣጠነ ዋጋ የሞላ ተጫራች ዝርዝር ማብራሪያ እንዲያቀርብ መጠየቅ ቢቻልም፣ ጠያቂው መሬቱን አስቀድሞ ያላስመረመረ ወረዳ ከሆነ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አያውቅም። ገምጋሚ ኮሚቴውን በጉቦ መጠርጠር የተለመደ ነው፤ ጥርጣሬው መሠረት የሚኖረው ጊዜም አለ፤ ነገር ግን ለአፈር ምርመራ ጥቂት ገንዘብ መቆጠብ የሚያስከትለው ኪሣራ ብዙ ጊዜ ጉቦ ከሚያስከትለው ያላነሰ ነው። በ2014 ዓ.ም. በተወሰኑ ፌዴራል ተቋማት የተጀመረው የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓትም ሰነድ መደበቅን ያከብዳል እንጂ ያልተለካን መሬት አይለካም።

ሁለተኛው ችግር የቀን መቁጠሪያው ነው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ያኔ ክረምት ነው። በጀቱ ጸድቆ፣ ሰነድ ተዘጋጅቶ፣ ማስታወቂያ ወጥቶና ግምገማው አልቆ ውል እስኪፈረም ጥር ሊገባ ይችላል፤ ለግንባታ የሚቀረው ከበልግ ዝናብ የተረፈው ጊዜ ብቻ ነው። ሰኔ 30 ሲቃረብ ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን የሚደረገው ጥድፊያ፣ የተሠራውን ለክቶ የክፍያ ሰርተፍኬት የሚያዘጋጀውን መሐንዲስ ከሁሉም በላይ ይፈትነዋል።

የዋጋ ንረት ሲታከልበት ነገሩ ይከፋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመነዘር ሲወሰን አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከዚያ ቀደም በቁርጥ ዋጋ የፈረመና ብረት ያላስገባ ተቋራጭ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ከሌለው የሚያሰላው፣ ሥራውን መጨረስ ይበልጥ ያከስራል ወይስ የ10 በመቶ ዋስትናውን ማጣት የሚለውን ነው። ጥሎ ከወጣ ወረዳው ዋስትናውን ይወርሳል፤ ሆኖም የተሠራውና የቀረው ሥራ ሁለቱም ወገኖች ባሉበት ተለክቶ ካልተፈረመበት በስተቀር ቀሪውን ለሌላ ተቋራጭ በአዲስ ጨረታ ማውጣት ለክርክር ይዳርጋል።