የደርብ ጎዳናዎችና ከተራራ የሚወርደው ጎርፍ

«ደርብ» የሚለው ቃል ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ በቅድሚያ የሚያስታውሰው ፎቅን ነው። በዓረብኛ ግን መንገድ ማለት ነው፤ ቀድሞ ደርብ በኒ ሹዕባ ትባል የነበረችው የጂዛን ክልል ሰሜናዊ ከተማም ስሟ ከኑሮዋ ጋር የገጠመ ነው። ከጂዛን ተነሥቶ ወደ ጂዳ የሚያቀናው የባሕር ዳርቻ አውራ ጎዳና በእርሷ በኩል ያልፋል። ከአብሃ በዲለዕ ቁልቁለት፣ በዋሻዎችና በድልድዮች እየተጠማዘዘ የሚወርደው መንገድም ከዚሁ ጎዳና ጋር የሚገናኘው በእርሷ ዘንድ ነው። በእርሻ፣ በሱቅም ሆነ በሹፍርና ሥራ የተሠማሩ ወገኖቻችን ከተማይቱን የሚያውቋት ከሁሉ አስቀድሞ በዚህ መገናኛ ነው።

በዚያ ሥፍራ የሚገናኙት ግን ተሽከርካሪዎች ብቻ አይደሉም። የዐሲርን ተራሮች ዝናብ ሰብስቦ የሚወርደው ዋዲ ዒትወድ ወደ ቀይ ባሕር የሚሄደው በከተማይቱ አቅራቢያ ነው። ውሃው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይወርዳል፤ አውራ ጎዳናው ከሰሜን ወደ ደቡብ ተዘርግቷል። የደርብን፣ እንዲያውም በቲሃማ ሜዳ ላይ የተቆረቆሩትን ከተሞች ሁሉ ፕላን የሚያወሳስበው ይህ አቋራጭ ነው። ከመሬት ከፍ ተደርጎ የተሠራ ማንኛውም መንገድ፣ መሐንዲሱ ቢያስበውም ባያስበውም፣ በውሃው ፊት የቆመ ግድብ ይሆናል፤ ጎርፉም የሚያልፈው ከሥሩ በተተወለት ቀዳዳ ልክ ነው።

አብሃ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ደርብ ደግሞ ከባሕሩ ብዙም ከፍ ባላለው ሜዳ ላይ ተኝታለች። በመካከላቸው ያለው ርቀት በመኪና የሰዓታት ጉዳይ ነው። ስለዚህ በከተማይቱ ሰማይ ላይ አንዲት ደመና ሳትታይ፣ ከላይ የጣለው የከሰዓት በኋላ ዝናብ ደረቁን አሸዋ ሞልቶ ሊመጣ ይችላል። የጎዳና ቦይ ሲታቀድ በከተማው የሚጥለውን ዝናብ ብቻ ለክቶ የቱቦውን ስፋት የሚወስን ሰው የሚለካው ከጥያቄው ትንሹን ክፍል ነው።

እዚህ ላይ ከጉዳዩ ጥቂት ወጣ ብዬ አንድ የሚያስደንቀኝን ነገር ልጥቀስ። በደርብ ሙሐፈዛ ውስጥ፣ በባሕሩ ዳር፣ የሹቀይቅ የባሕር ውሃ ማጣሪያ ይገኛል። ሦስተኛው ምዕራፉ ብቻ በቀን 450,000 ሜትር ኩብ ውሃ የማጣራት አቅም አለው። ከሹቀይቅ የሚመነጨው ውሃ በግዙፍ ቱቦዎች እየተገፋ ያን ሁሉ ተራራ ወጥቶ የአብሃንና የኸሚስ ሙሸይጥን ሕዝብ ያጠጣል። ጨው የተጣራለት ውሃ በብዙ ወጪ ሽቅብ ሲወጣ፣ የሰማዩ ውሃ ያለ ወጪ ቁልቁል ይወርዳል፤ ደርብ ደግሞ ሁለቱ ከሚተላለፉበት መስመር ግርጌ ናት።

የዚህ ዓይነቱ ጎርፍ ጠባይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ድሬዳዋን እናስታውስ። ከተማይቱ ከ1902 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በባቡር ሐዲድ ዙሪያ ስታድግ፣ ከዚራንና መጋላን የሚለየው ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነበር። በደረቅ አሸዋ ላይ ሰው ይነግዳል፣ ይመላለሳል፣ በዳሩም ጎጆ ይቀልሳል። በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ.ም. በሐረርጌ ደጋ የጣለው ዝናብ በሌሊት ደረሰ። ሰዎች በተኙበት ከ200 በላይ ነፍሳት ጠፉ፤ በሺህ የሚቆጠሩም መጠለያ አልባ ሆኑ። አላህ ይዘንላቸው። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠራ። ደቻቱን ያየ ሰው የቲሃማን ዋዲዎች ለመረዳት ሌላ አስተማሪ አያሻውም።

የጂዳም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በዙልሒጃ 8 ቀን 1430 ዓ.ሂ.፣ ማለትም ኅዳር 25 ቀን 2009 እ.ኤ.አ.፣ ሑጃጆች ወደ ሚና በሚያቀኑበት ዕለት፣ በጥቂት ሰዓታት የጣለ ዝናብ ከ100 በላይ ሰዎችን ገደለ። ክፉኛ ከተጎዱት ሠፈሮች አንዱ ቁወይዛ ነበር፤ ጎርፉ በጥንት መንገዱ ሲመለስ በዚያ ሕዝብ ሠፍሮ አገኘው። በጥር 2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኡሙል ኸይር ግድብ ተደርምሶ ከተማይቱ ዳግመኛ ተጥለቀለቀች። ከዚያ ወዲህ ግድቦችና ሰፋፊ ቦዮች ተሠርተዋል። ቦይ በሰው ሠፈር መካከል ከመሠራቱ በፊት ግን ቤት ይፈርሳል፣ ካሳ ይከፈላል፣ ጎዳና እንደገና ይቆፈራል። በጂዳ ዘግይቶ የተከፈለው ዋጋ ገና በማደግ ላይ ባለች እንደ ደርብ ባለች ከተማ ሊቀንስ የሚችለው የዋዲው መስመር በፕላኑ ላይ ከቦታ ሽንሸናው አስቀድሞ ከተሰመረ ነው።

ወደ ትራፊኩ እንመለስ። ከደርብ በስተደቡብ፣ በቤሽ አካባቢ፣ የጂዛን የኢንዱስትሪ ከተማ ተቋቁሟል፤ በዚያ ያለው የነዳጅ ማጣሪያ በቀን 400,000 በርሜል የማጣራት አቅም አለው። ይህን የመሰለ ልማት ባለበት የባሕር ዳርቻ ጎዳና ላይ የከባድ ተሽከርካሪ መብዛት የማይቀር ነው። የጭነት መኪና ሹፌር የሚፈልገው ሳይቆም ማለፍን ነው፤ ከመስጂድ ወጥቶ አስፋልቱን የሚሻገረው ሽማግሌ ደግሞ መኪናው ዝግ እንዲልለት ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ መንገድ ማስተናገድ ስለሚያስቸግር፣ በየአገሩ የሚመረጠው ዘዴ ከከተማው ዳር የሚያልፍ ማለፊያ መንገድ ማበጀት ነው።

ችግሩ የሚጠነክረውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ማለፊያ መንገዱ በስተምሥራቅ ቢሠራ ጎርፉን በመጀመሪያ የሚቀበለው እርሱ ይሆናል። በሰፊው ተዘርግቶ ይመጣ የነበረውን ውሃ በጥቂት ቱቦዎች ሰብስቦ ሲያሳልፍ፣ ከቱቦው አፍ የሚወጣው ውሃ ፍጥነቱ ጨምሮ ነው የሚወጣው። ከቱቦው ፊት ለፊት የሚገኘው ሠፈር የማን ነው? የትራፊክ ባለሙያው ሥራ የተሳካ መስሎ ሳለ የጎርፉ ጉዳት ከአንድ ሠፈር ወደ ሌላው ሊዛወር ይችላል። ስለዚህ የመንገዱ ንድፍና የውሃው ንድፍ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ወረቀት መሠራት አለባቸው።

የቲሃማ ገበሬዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል። «ዑቁም» የሚባሉትን የአፈር ክትሮች በዋዲው ላይ እያበጁ ጎርፉን ወደ ማሳቸው ያጠፉት ነበር፤ የላይኛው ሲጠጣ ለታችኛው ይለቅቃል። ነቢዩ ሙሐመድም (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) በመዲና ስለ መህዙር ጎርፍ ሲፈርዱ፣ ባለ ላይኛው ማሳ ውሃውን እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ ብቻ ይዞ ለታችኛው እንዲለቅቅ እንደወሰኑ በሐዲስ ተዘግቧል። አስፋልት ግን ተራውን ጠብቆ አይለቅቅም።

በ17 ዓ.ሂ. ኡሙ ነህሸል የተባለው ጎርፍ መካ ገብቶ መቃመ ኢብራሂምን ከሥፍራው እንደወሰደው የመካ ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ኸሊፋ ዑመር (ረዲየላሁ ዐንሁ) ከመዲና መጥተው መቃሙን ወደ ቦታው ካስመለሱ በኋላ ከከተማው በላይ ጎርፍ የሚያጠፋ ክትር አሠሩ። በዚያው ዓመት ኩፋ ስትቆረቆር፣ ጠበሪ እንደዘገበው፣ አውራ ጎዳናዎቿ 40 ክንድ፣ ተከታዮቹ 30 እና 20፣ የመንደር መተላለፊያዎቿም 7 ክንድ እንዲሆኑ አዘዙ። ይህም ሁሉ የሆነው ቤቱ ከመሠራቱ በፊት ነው።

አሁን ከዋዲው ወጥተን በከተማው ውስጥ ወደሚጥለው ዝናብ ስንገባ ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን እርሱም ይገድላል። በመስከረም 2000 እ.ኤ.አ. የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ከአፍሪካ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው በዚሁ በጂዛንና በአጎራባቿ የመን ነው። በመንግሥቱ ብቻ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሽታውን ከሚያዛምቱት ዋነኞቹ ከዝናብ በኋላ በቆመ ውሃ የሚፈለፈሉ ትንኞች ናቸው። ታዲያ የጎዳና ቦይ ተዳፋት በጥቂት ሳንቲ ሜትር ሲሳሳት የሚያስከትለው ነገር የጫማ መርጠብ ብቻ አይደለም።

ቦዩም ቢሠራ ጂዛን አቧራዋ አለ። በበጋው የሚነፍሰው «ገብራ» ቦይና ቱቦን በደቃቅ አሸዋ ይሞላል፤ የነሐሴ ዝናብ የሚመጣውም ከዚያው ጋር ተያይዞ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ በተመቸ ወር የሚደረግ ጠረጋ እዚህ አይበቃም፤ ነፋሱ ሲበርድና ደመናው ሳይከብድ ባለችው አጭር ጊዜ መጠረግ አለበት። አካፋ ይዘው በዚያ ሙቀት ቦይ የሚጠርጉት ሠራተኞች ብዙዎቹ እንደ እኛው ከባሕር ማዶ የመጡ መሆናቸውን አንባቢ አይዘነጋውም።

ፕላኑ እስኪሟላ ድረስ በየመንገዱ የሚቀሩ ዝቅተኛ መሻገሪያዎች አሉ፤ አስፋልቱ በቀጥታ በዋዲው አሸዋ ላይ የሚያልፍባቸው ማለት ነው። ጎርፍ እየፈሰሰ ሳለ ዋዲ መሻገር በሳዑዲ የትራፊክ ሕግ ከ5,000 እስከ 10,000 ሪያል ያስቀጣል። ቤት የሚከራዩ ወገኖችም በዋዲ አፋፍ ኪራይ ረክሶ ሲያገኙ፣ ውል ከመፈረማቸው በፊት የጓሮውን ግድግዳ ዞረው ይመልከቱ፤ ያለፈው ጎርፍ የደረሰበትን ከፍታ ብዙ ጊዜ የደረቀ የጭቃ መስመር ያሳያል።