የቤርሼባ ልጆች መጠለያ፦ አርማታው፣ በሩና ስድሳው ሰከንድ

ዲሴምበር 31 ቀን 2008 (እ.ኤ.አ.) ረቡዕ ጠዋት ከጋዛ የተተኮሰ ግራድ ሮኬት በደቡብ እስራኤል በምትገኘው ቤርሼባ ከተማ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይ ወደቀ። ሮኬቱ የመታው መማሪያ ክፍል ነው። የሥራ ቀን ነበር፤ ሰዓቱም ልጆች በየወንበራቸው የሚቀመጡበት ሰዓት። ክፍሉ ውስጥ ግን ማንም አልነበረም። ዋዜማውን ምሽት የመጀመሪያዎቹ ሮኬቶች ከተማዋ ድረስ መጥተው፣ አንዱም ባዶ መዋዕለ ሕፃናት መትቶ ስለነበር፣ ትምህርት እንዲዘጋ ተወስኖ ልጆቹ ቤታቸው ውለዋል።

እነዚያን ልጆች ያዳናቸው በጊዜ የደረሰ ውሳኔ ነው። ትምህርት ቤት ግን ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ አይከርምም። ልጆች ወደ ክፍል መመለሳቸው አይቀርም፤ ሲመለሱ ደግሞ በአቅራቢያቸው የሚገቡበት ነገር ሊኖር ይገባል።

ቤርሼባ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቤርሳቤህ ናት፤ የአብርሃም ጉድጓድ አገር። አጋር ልጇን ይዛ የተንከራተተችው በዚሁ ምድረ በዳ ነው። የያዘችው ውኃ ሲያልቅባት ልጇን ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር አስቀመጠችው። ለልጇ ያገኘችለት መጠለያ ያ ብቻ ነበር። ዛሬ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዚህች ከተማ የልጅ መጠለያ በአርማታ ይሠራል። ይህን ነገር ቀረብ ብለን እንተዋወቀው።

አራቱ ስሞች

ሚቅላት፣ ማማድ፣ ማማም፣ ሚጉኒት። እዚህ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ እነዚህን የዕብራይስጥ ስሞች ሳይተረጉም ነው በየዕለቱ የሚጠራቸው። ሚቅላት ከሕንፃው ሥር ወይም በግቢው ውስጥ ያለ የጋራ መጠለያ ነው፤ በ1951 የወጣው የሲቪል መከላከያ ሕግ ያመጣው። ማማድ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ያለ የተጠናከረ ክፍል ነው። የዚሁ ዓይነት ክፍል በትምህርት ቤት ወይም በሌላ ተቋም ሲሠራ ማማም ይባላል። ሚጉኒት ደግሞ በከባድ መኪና ተጭኖ መጥቶ መንገድ ዳር የሚቀመጥ የአርማታ ሳጥን ነው።

ከሚቅላት ወደ ማማድ ያሸጋገረው የ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ነው። ኢራቅ ወደ 40 የሚጠጉ ሚሳይሎች እስራኤል ላይ ስትተኩስ ሕዝቡ የመርዝ ጋዝ ፈርቶ መስኮቱን በፕላስቲክና በፕላስተር ዘግቶ፣ ጭምብል አጥልቆ ቤቱ ውስጥ ተቀመጠ። ከዚያ ተሞክሮ የተወለደው ሐሳብ ቀላል ነበር፦ ሰው ወደ መጠለያ ከሚሮጥ መጠለያው ሰው ወዳለበት ይምጣ። በ1992 ፒኩድ ሃኦሬፍ የሚባለው የደጀን ዕዝ ተቋቋመ፤ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶም እያንዳንዱ አዲስ መኖሪያ ቤት ማማድ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። ያ ጦርነት ባበቃ ሦስት ወር ሳይሞላው፣ ሜይ 24 እና 25 ቀን 1991፣ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በዘመቻ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ ተጓጉዘው ገቡ። በዚያ ሰሞን የተወለዱት ልጆቻችንና ማማድ እኩያሞች ናቸው ማለት ነው።

በሩን ከፍተን እንግባ

ከውጭ ሲያዩት ተራ ክፍል ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ግድግዳውን በጣት አንጓ ሲያንኳኩት ነው፤ ድምፅ አይመልስም። ውፍረቱ ከ20 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ አርማታ ነው፤ በውስጡም ፌሮ ብረት ጥቅጥቅ ብሎ ታስሯል። ፎቅ ቤት ላይ የየፎቁ ማማድ አንዱ ባንዱ አናት ላይ ይሠራል። ከመሠረት እስከ ጣሪያ እንደ ግንብ ስለሚቆም፣ ሌላው የሕንፃው ክፍል ቢጎዳ እንኳ እሱ ሊቆም ይችላል።

በሩ ብረት ነው፤ ዙሪያውን ጎማ አለው። የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው፤ ፍንዳታው ከውጭ ሲገፋው ከክፈፉ ጋር ይበልጥ እንዲጣበቅ ነው እንጂ ወደ ውስጥ ተነቅሎ ሰው ላይ እንዳይወድቅ። እጀታው እስከ መጨረሻው ሲዞር ጎማው ይጨመቅና ክፍሉ ይታፈናል። መስኮቱም ከመስታወቱ ሌላ ተንሸራትቶ የሚዘጋ ወፍራም የብረት መዝጊያ አለው።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ሮኬት ወይም ሚሳይል በቀጥታ ከሚመታው ሰው ይልቅ በዙሪያው ሆኖ የሚጎዳው ይበዛል። መጀመሪያ የአየር ግፊቱ ይመጣል፤ ግፊቱ መስታወቱን ወደ ስለት ይቀይረዋል፤ ከዚያ የብረት ስብርባሪው ይበተናል። ተራ ብሎኬት ይህን አይችልም። አርማታ ግን ስብርባሪውን ይይዛል። ኦክቶበር 17 ቀን 2018 ገና ሳይነጋ ቤርሼባ ውስጥ አንድ መኖሪያ ቤት በሮኬት ፈራርሷል። እናትየው ሳይረኑን ሰምተው ሦስት ልጆቻቸውን ከእንቅልፍ አንሥተው ወደ ማማድ ስላስገቧቸው አራቱም በሕይወት ወጡ።

ስድሳ ሰከንድ

አርማታ በሴንቲ ሜትር ይለካል። የሰው መዳን የሚለካው ግን በሰከንድ ነው። ከጋዛ ሮኬት ሲተኮስ ራዳር አቅጣጫውን ያሰላና ሳይረን ይነፋል፤ ቤርሼባ ውስጥ ያለ ሰው ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ያለው ጊዜ 60 ሰከንድ ነው። ለጋዛ በምትቀርበው በስዴሮት 15 ሰከንድ ብቻ ነው። ከኢራን ለሚመጣ ሚሳይል ደግሞ ከሳይረኑ አስቀድሞ በስልክ ማስጠንቀቂያ ይላካል።

15 ሰከንድ ስንት እርምጃ ነው? አንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ ከወንበሩ ተነሥቶ በሩ ጋ እስኪደርስ ያልቃል። ስለዚህ ስዴሮት ላይ መጠለያው መማሪያ ክፍሉ ራሱ መሆን አለበት። መንግሥት መጀመሪያ ያጠናከረው የትናንሾቹን ክፍሎች ብቻ ነበር። ወላጆች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ2007ም የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የትልልቆቹም ልጆች መማሪያ ክፍሎች እንዲጠናከሩ ወሰነ።

ቤርሼባ ውስጥ የልምምድ ቀን አንድ ትምህርት ቤት ቆሜ አይቻለሁ። ሳይረኑ ሲነፋ ልጆቹ ተነሡ፤ ሁለት ሁለት ሆነው እጅ ለእጅ ተያያዙ። አንድ ልጅ ለቦርሳው ተመለሰ። መምህርቷ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ «ቦርሳው ይቆይ» አለችና በትከሻው ይዛ መለሰችው። ከፊት አልመራችም፤ ክፍሉን እስከ ጥግ አይታ ከሁሉም ኋላ ገባች። ስድሳው ሰከንድ ሳይሞላ የብረቱ በር ተዘጋ። ከዚያ የስም ዝርዝሯን አውጥታ አንድ በአንድ ጠራች። እያንዳንዱ ልጅ እስኪመልስ ዓይኗ ከወረቀቱ ወደ ፊቱ ይሄድ ነበር።

ከገቡ በኋላ አሥር ደቂቃ ይቆያል። ምክንያቱ ከሰማይ የሚወርደው ነው። የብረት ጉልላት የሚባለው የሮኬት መከላከያ የመጀመሪያው ባትሪ የተተከለው በማርች 2011 እዚሁ ቤርሼባ አጠገብ ነው። ሮኬቱ በአየር ላይ ቢመታም ስብርባሪው ይወድቃል፤ ፍንዳታ ሰምቶ «አለቀ» ብሎ የወጣ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ከአውሎ ነፋስ የተገኘ ትምህርት

ልጅ ትምህርት ቤት ሳለ የት ይጠለል የሚለው የጦርነት አገር ጥያቄ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ቶርናዶ የሚባለው አዙሪት ነፋስ በሚበዛባቸው ግዛቶች ወላጆች ተመሳሳዩን ይጠይቃሉ። ማርች 1 ቀን 2007 በአላባማ በኢንተርፕራይዝ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ የታዘዙትን አድርገው በኮሪደር ተቀምጠው ሳለ ነፋሱ ሕንፃውን መታው፤ 8 ተማሪዎች ሞቱ። ሜይ 20 ቀን 2013 በኦክላሆማ በሙር ከተማ ፍጥነቱ በሰዓት ከ320 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ቶርናዶ 24 ሰው ገደለ፤ ሰባቱ የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። ማስጠንቀቂያው ቶርናዶው መሬት ከመንካቱ 16 ደቂቃ በፊት ተሰጥቷል። ጊዜ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ግን የሚገባበት የተጠናከረ ክፍል አልነበረም።

ከኢንተርፕራይዙ አደጋ በኋላ አላባማ አዲስ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲሠራ መጠለያ እንዲኖረው ደነገገች፤ የሙሩም ትምህርት ቤት እንደገና ሲሠራ መጠለያ ተጨመረለት። እነዚህ መጠለያዎች የሚፈተኑበት መንገድ ቤርሼባ ላለ ሰው እንግዳ አይሆንም፦ ወደ 7 ኪሎ የሚመዝን ሞራሌ እንጨት በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግድግዳው ላይ ይተኮሳል። ከበሳው መጠለያ አይባልም። ቤርሼባ ሰከንድ ስላነሳት ግድግዳውን ወደ ልጁ አቀረበች፤ ሙር ደቂቃው ነበራት፣ ግድግዳው አልነበራትም። ልጅ የሚድነው ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

«እምዬ፣ ተነሡ!»

ለእኛ ማኅበረሰብ ሦስተኛ ነገር ይጨመራል፤ ቋንቋ። ብዙዎቻችን የምንኖረው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በተሠሩ አሮጌ ሕንፃዎች ነው። ማማድ የላቸውም፤ ያለው ታች የሚገኝ ሚቅላት ነው። ሊፍት የሌለበት ፎቅ ላይ ላሉ ምርኩዝ ለያዙ እናት ስድሳ ሰከንድ ከደረጃው ወገብ አያሳልፍም። መመሪያው ደግሞ በቅድሚያ የሚሰማው በዕብራይስጥ ነው። ካን ሬካ ሬዲዮ በአማርኛ ያሰራጫል፤ ሬዲዮው በተዘጋ ሰዓት ግን አስተርጓሚው የልጅ ልጅ ነው።

አንድ ጎረቤቴ ቤት ያየሁትን አልረሳም። ስምንት ዓመት የማይሞላት ልጅ አያቷን «እምዬ፣ ተነሡ! አዛካ ነው!» ትላለች፤ አዛካ በዕብራይስጥ የሳይረኑ ማስጠንቀቂያ ነው። ነጠላቸውን እየፈለጉ ሲዘገዩ እሷው አንሥታ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችና እጃቸውን ይዛ ወደ ደረጃው መግቢያ ወሰደቻቸው፤ መስኮት ከሌለበት ከግድግዳው ሥር አስቀመጠቻቸው። ወደ ሚቅላት መድረስ ያልቻለ ሰው ከመስታወትና ከውጭ ግድግዳ በራቀ የውስጥ ደረጃ እንዲጠለል የሚሰጠውን ትምህርት ክፍሏ ውስጥ ሰምታዋለች። ትምህርት ቤት የሚሰጠው ልምምድ በዚያች ቅጽበት አንዲት ጎንደሬ እናት ዘንድ ደረሰ።

አርማታው የሚያበቃበት

እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባል። ጁን 19 ቀን 2025 የኢራን ሚሳይል የቤርሼባውን የሶሮካ ሆስፒታል አንድ ሕንፃ ሲመታ ሕመምተኞቹ አስቀድመው ወደ ተጠበቀ ቦታ ተዛውረው ስለነበር ሰው አልሞተም። ከአምስት ቀን በኋላ፣ ጁን 24፣ ከኢራን ጋር የተደረሰው ተኩስ አቁም ሊጸና ሲል፣ እዚሁ ከተማ አንድ መኖሪያ ሕንፃ ተመታና 4 ሰው ሞተ። ማማድ የተሠራው ለግፊትና ለስብርባሪ ነው፤ ከባድ ሚሳይል በቀጥታ ሲያርፍበት ዋስትና አይሰጥም። ከውጭ ለሚመጣ ታጣቂም ታስቦ አልተሠራም። የነፍስ አድን ሠራተኛ እንዲገባ ተብሎ በቁልፍ እንዳይቆለፍ የተደረገውን በር፣ ታጣቂዎች ከጋዛ ጥሰው በገቡበት በኦክቶበር 7 ቀን 2023፣ ብዙዎች እጀታውን በእጃቸው ይዘው ነው ለማቆየት የታገሉት።

መጠለያ ጨርሶ የሌላቸው ልጆችም አሉ። በቤርሼባ ዙሪያ መንግሥት ዕውቅና ባልሰጣቸው የቤዱዊን መንደሮች ቤት በፈቃድ ስለማይሠራ ማማድም አይሠራም፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ኤፕሪል 2024 ኢራን በተኮሰችበት ሌሊት በጽኑ የቆሰለችው በዚሁ በኔጌቭ ምድረ በዳ የምትኖር የ7 ዓመት የቤዱዊን ልጅ ነበረች። ከዚህ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ባለችው ጋዛ ትምህርት ቤቶች ራሳቸው የተፈናቃይ መጠለያ ሆነው ሳለ ተመትተዋል። አገራችንም ያውቀዋል፤ በግንቦት 1990 በእኛ አቆጣጠር በመቀሌ የአይደር ትምህርት ቤትና አካባቢው ከአውሮፕላን ቦምብ ሲጣልበት ከ40 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ ከእነርሱም መካከል ሕፃናት ነበሩ። ልጅ የትም ልጅ ነው። ግድግዳው የሚገባው ለአንዱ ብቻ አይደለም።

ወላጅ ምን ይጠይቅ?

ትምህርት ሲከፈት ስለ መጽሐፍና ስለ ዩኒፎርም እንጠይቃለን። አብረን እንጠይቅ፦ የልጄ ክፍል ከማማሙ በስንት ሰከንድ ይርቃል? መጠለያው ክፍት ነው ወይስ የአሮጌ ወንበር መጋዘን ሆኗል? በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውን ልጅ ማን ይዞ ይገባል? ሳይረን ሲሰማ የሚደነግጠውንስ? የመጨረሻው ልምምድ መቼ ነበር? ዕብራይስጡ ከከበደን ልጃችን አጠገባችን ሆኖ ያስተርጉምልን፤ አያፍርብንም።

ያን ቀን ከመጠለያው ስወጣ መምህርቷን «አሥሩ ደቂቃ ይረዝማል?» ብዬ ጠየቅኋት። «አይረዝምም» አለችኝ። «የሚረዝመው ስም ጠርቼ እስክጨርስ ያለው ነው።» ዝርዝሩን ስታጥፈው አየሁት። ከእያንዳንዱ ስም ጎን በእርሳስ የተጻፈ ምልክት ነበረበት፤ አንድም የተዘለለ የለም።