የአሥር ሽልንግ ቪዲዮ

ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ውስጥ ሰው አስቀምጦ ድምፅ የሚቀርጽ ሁሉ መጀመሪያ የሚጣላው ከአውሮፕላን ጋር ነው። ዊልሰን አየር ማረፊያ አጠገባችን ነው፤ የአምሬፍ በራሪ ሐኪሞችም፣ ሳፋሪ የሚወስዱትም፣ ወደ ሶማሊያ ጫት የሚያመላልሱትም ጣሪያችንን ታክከው ይነሣሉ። የምትቀረጸው እናት ልቧን ከፍታ ስትናገር፣ ልክ ዋናው ነገር ላይ ስትደርስ ሞተሩ ያገሣል። የሠፈሩ የኤንጂኦ ልጆች መፍትሔውን ያውቁታል። ስቱዲዮ አይከራዩም። ትልቅ ቁም ሣጥን ያለበት መኝታ ቤት ይገባሉ፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ይሰቅላሉ፣ ማሚቶውን ልብሱ እንዲውጠው የቁም ሣጥኑን በር ከፈት ያደርጋሉ፣ ስልክ ላይ የምትሰካውን ትንሽ የኮሌታ ማይክ ይጠቀማሉ። ምስሉ ቢንቀጠቀጥ ተመልካች ይቅር ይላል። ድምፁ ካልተሰማ ግን ወዲያው ጥሎ ይሄዳል።

ቀጣዩን ዝቅ ባለ ድምፅ ልንገራችሁ። በድሮን የተነሣው፣ ከበስተጀርባው ፒያኖ የሚንቆረቆርበት ያ ውድ የእርዳታ ማሰባሰቢያ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ አያመጣም። ትልልቆቹ ዶነሮች የሚሰጡት በፕሮፖዛል፣ በበጀት ሠንጠረዥና በኦዲት ሪፖርት ነው። ፊልሙን ካዩትም የሚያዩት ውሉ ከተፈረመ በኋላ፣ በዓመታዊው እራት ላይ፣ በሹካና በቢላ ድምፅ መሐል ነው። ፊልሙ የሚሠራው ለቦርዱ ነው። ዳይሬክተሩ ሙሉ ልብሱን ለብሶ መሐል ላይ ብቅ የሚለውም ለዚያ ነው። ስብሰባ ላይ ይህን ደፍሮ የሚናገር አታገኙም፤ በኮሙኒኬሽን መስመር የተያዘው በጀት ዓመቱ ሳያልቅ መዋል አለበታ!

የብዙ ሰው ትንሽ ገንዘብ የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው። ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የኬንያ ቀይ መስቀል ዋና መሥሪያ ቤት እዚሁ ሳውዝ ሲ፣ ከፖፖ ሮድ ገባ ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 ቱርካና በድርቅ ስትጠቃ የማታው ዜና ያሳየው አልቅሰው የደከሙ ልጆችንና የወደቁ ከብቶችን ነበር። ቀይ መስቀል፣ ሳፋሪኮም፣ ኬሲቢ ባንክና የሚዲያ ባለቤቶች ተሰባስበው «ኬንያውያን ለኬንያ» ብለው ተነሡ። ግቡ በአራት ሳምንት 500 ሚሊዮን ሽልንግ ነበር። ከ10 ሽልንግ ጀምሮ በስልክ፣ በኤም-ፔሳ መላክ ይቻል ነበር። ግቡ ቶሎ ታለፈ፤ በዓይነት የተሰጠው ሲደመር ወደ 1 ቢሊዮን ሽልንግ ተጠጋ።

ብዙ ሰው ይህን የቴክኖሎጂ ድል አድርጎ ያወራዋል። ኤም-ፔሳ ባይኖር አይሆንም ነበር፤ እውነት ነው። ግን ኤም-ፔሳ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በየኪሱ ነበር። በዚያ ሐምሌ የተለወጠው ገንዘብ የሚጠየቀው ሰው ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ምስል የሚላከው ለለንደንና ለኦስሎ ተመልካች ነበር፤ አሁን ግን የማታቱ ሚኒባስ ረዳቱንና የጉልት ቸርቻሪዋን «ያንተ ነው፣ ያንቺ ነው» አላቸው። ኬንያ ደግሞ ሃራምቤን፣ ማለትም ተባብሮ ማዋጣትን፣ ከነፃነት ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ቃሉ በአገሪቱ አርማ ላይ ሳይቀር ተጽፏል። ዘመቻው አዲስ ስሜት አልፈጠረም፤ የነበረውን ልማድ በስልክ ቁልፎች ላይ አስቀመጠው እንጂ።

እኛም አገር፣ ኢትዮጵያ፣ ከብዙ ሰው ትንሽ የማሰባሰብን ጥበብ ከማንም ሳይማሩ የያዙት አሉ፤ በየመንገዱ ዳር ዣንጥላና ድምፅ ማጉያ ይዘው ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የሚለምኑት። ግድግዳው ቆሟል፣ ክረምቱ ደርሷል፣ ቆርቆሮ ጎድሏል። አለቀ። አላፊው ከኪሱ የሚያወጣው የትኛው ቆርቆሮ እንደሚሆን በዓይኑ ይታየዋል። የኤንጂኦ ጽሑፍ ግን «የተጋላጭ ማኅበረሰቦችን አቅም በዘላቂነት መገንባት» ይላል። ለዚህ 10 ሽልንግ የሚልክ ሰው አላየሁም።

ስለዚህ ብልሆቹ የሚጀምሩት ከዋጋው ነው። የአንድ ዩኒፎርም ዋጋ ስንት ነው? የአንድ ሳምንት መድኃኒትስ? ዋጋው ከታወቀ በኋላ ያ ዋጋ የጎደለበትን አንድ ሰው፣ ከሕይወቱም አንድ ሰዓት ይፈልጋሉ። «ስለ ሕይወትሽ ንገሪን» የሚል ጥያቄ ንግግር ነው የሚያመጣው፤ እንግዳ ፊት የሚደረግ፣ ምስጋና የበዛበት። «ትናንት ማታ ልጆቹ ሲተኙ ምን አደረግሽ?» ሲባል ግን ድስቱ፣ ኩራዙ፣ የጎረቤቷ ብድር ሁሉ ይወጣል። ስልኩ ከኪስ የሚወጣው ሻዩ ከተጠጣ በኋላ ነው። ሻዩን የሚጋብዘው ደግሞ ቀራጩ እንጂ ተቀራጯ አይደለችም፤ ይህን የሚዘነጉ ብዙ ናቸው።

በር ዘግተን ብቻ የምንናገረው ሌላ ጉዳይ አለ። ጫማ ያደረገውን ልጅ «አውልቅ» ማለት። ውኃ ቀድታ የተመለሰችን ሴት፣ ብርሃኑ አላማረም ብሎ ጀሪካኑን እንደገና ማሸከም። ቴሌቪዥኑን ከቤት አውጥቶ መቅረጽ። ይህ ሁሉ ይደረጋል፤ የሚያደርጉትም ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ «ዶነሩ ይህን ይፈልጋል» የተባሉ ናቸው። ድርጅቶቹ በጀርባ ስም እየጠሩ ሲተማሙ ብሰማም እዚህ ስም አልጠራም።

የዚህ ዓይነቱ የመከራ ምስል ምንጭ ተደርጎ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው የኮረም ቀረጻ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 ቢቢሲ ያሳየውን የያኔውን ወሎ ክፍለ ሀገር ረሃብ የቀረጸው የናይሮቢው ልጅ መሐመድ አሚን ነበር፤ ዘገባውን ያቀረበው ማይክል በርክ። የባንድ ኤይድ ዘፈንና በሐምሌ 1985 የተደረገው ላይቭ ኤይድ የተከተሉት ከዚያ ነው። እኔ ግን በአሚን ላይ የሚወርደው ወቀሳ ከልክ ያለፈ ይመስለኛል። እሱ መንግሥት የሸፈነውን ገልጦ አሳየ፤ ምንም አላስመሰለም። ከሱ በኋላ የመጡት መግለጡን ትተው ፊት ላይ ያረፈውን ዝንብ ብቻ ወሰዱ። አሚን ራሱ በኅዳር 1996 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲመለስ፣ ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሕይወቱ አለፈ።

በ1984 ኮረም የተቀረጸች እናት ራሷን በቴሌቪዥን የማየት ዕድል አልነበራትም። የዛሬዋ ግን ቪዲዮው በተለቀቀ በሰዓታት ውስጥ በዕቁብተኞቿ ዋትስአፕ ግሩፕ ታየዋለች፤ የልጇ የክፍል ጓደኞችም ያዩታል። ሕጉም ተለውጧል፦ ኬንያ የግል መረጃ ጥበቃ ሕጓን እ.ኤ.አ. በ2019 አወጣች፣ ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1321ን አጽድቃለች። ቅጽ ማስፈረም ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ጠንቃቆቹ ቪዲዮውን ከመልቀቃቸው በፊት ለተቀረጸችው ሴት በራሷ ስልክ ይልኩላታል፤ «ይህቺን አውጧት» ካለች ትወጣለች። ብዙ ጊዜ የምታስወጣው ለቅሶውን ነው። ሲወጣ ደግሞ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ቪዲዮው ይሻላል።

ናይሮቢ ያለን ሐበሾች ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው የመቄዶንያን ዘመቻ ነው። ቢንያም በለጠ የመሠረተው የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ፣ በ2017 ዓ.ም. በሰይፉ ፋንታሁን የዩቲዩብ ቀጥታ ሥርጭት ላይ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር አሰባሰበ። ድሮን የለም፣ ፒያኖ የለም። ተቀምጦ ማውራትና የሰጪ ስም ማንበብ ነበር። ሰው ስሙ ሲጠራ፣ ቁጥሩም ዓይኑ እያየ ሲጨምር ደግሞ ይልካል፤ ዘመዱንም ይጎትታል። እርግጥ መቄዶንያ ከዚያ በፊት ለዓመታት በሩን ክፍት አድርጎ ሰው ገብቶ በዓይኑ እንዲያይ ፈቅዷል። ሥርጭቱን ብቻ ቀድተው የሞከሩ ሌሎች ያን ያህል አልቀናቸውም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህቺን ግን ለአለቃዬ እንዳትነግሩብኝ። የምንሠራው ብዙው የመጀመሪያው ቪዲዮ ነው፤ የሚጠይቀው። ሁለተኛውን፣ ማለትም ዩኒፎርሙ ተገዝቶ ልጁ ለብሶት ትምህርት ቤት ሲሄድ በስልክ የተነሣውን፣ ሙዚቃም አርማም የሌለውን፣ «በላካችሁት የተገዛው ይኸው» የሚለውን፣ ለመሥራት ጊዜም በጀትም አይመደብም። እኔ በምሳ ሰዓት እሠራዋለሁ። የሚደርሰውም ሲጠየቅ ለላከው ሰው ብቻ ነው፣ በዋትስአፕ። ከዚያ የሚመጣው ገንዘብ በሪፖርታችን ውስጥ «ልዩ ልዩ ገቢ» ተብሎ ይመዘገባል።