ጁዲ ባካና የሎስ አንጀለስ ታላቁ ግንብ

ጁዲ ባካ እ.ኤ.አ. በ1946 በሎስ አንጀለስ፣ ዋትስ በሚባል ሠፈር የተወለደች፣ የዘር ሐረጓ ከሜክሲኮ የሚመዘዝ አሜሪካዊት የግድግዳ ሥዕል ሠዓሊ ናት። እናቷ ጎማ ፋብሪካ ስለምትውል ያሳደገቻት አያቷ ናት። ትምህርት ቤት ስትገባ እንግሊዝኛ ስለማታውቅ፣ ሌሎቹ ሲማሩ እሷ ጥግ ይዛ ሥዕል ትሥል ነበር።

በ1970 ቦይል ሃይትስ በተባለው ሠፈር እርስ በርስ የሚጣሉ የወሮበላ ቡድን ወጣቶችን አሰባስባ፣ በሆለንቤክ መናፈሻ እጆቿን የዘረጋች አያት አሣለቻቸው። የኋላ ሥራዋ ሁሉ መንገድ ይህ ነው፤ ሥዕሉን የሚሥለው የሠፈሩ ሰው ራሱ ነው።

በ1974 የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል በተሃንጋ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ላይ ሥዕል እንድትሠራ ጠየቃት። የሎስ አንጀለስ ታላቁ ግንብ የተወለደው ከዚህ ነው። ቦዩ በክረምት ጎርፍ ስለሚያወርድ ሥራው የሚካሄደው በበጋ ብቻ ነበር፤ ከ1976 እስከ 1983 በተለያዩ በጋዎች ከ400 በላይ ወጣቶች ተሳትፈውበታል። ብዙዎቹ ከፖሊስና ከፍርድ ቤት ጋር የተነካኩ ልጆች ነበሩ። ግንቡ 840 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከጥንቱ ዘመን እስከ 1950ዎቹ የካሊፎርኒያን ታሪክ ይተርካል። የመማሪያ መጻሕፍት ዘለዋቸው የሚያልፉ ጉዳዮች እዚህ ሰፊ ቦታ አላቸው፦ በ1930ዎቹ ወደ ሜክሲኮ የተባረሩት ሜክሲኳዊ አሜሪካውያን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በካምፕ የታጎሩት ጃፓናዊ አሜሪካውያን፣ ቻቬዝ ራቪን ከተባለው የሎስ አንጀለስ ሠፈር የተፈናቀሉት ነዋሪዎች።

በ1977 ሜክሲኮ፣ ኩዌርናቫካ ሄዳ በሜክሲኳዊው የግድግዳ ሥዕል ሠዓሊ በሲኬሮስ የሥዕል አውደ ጥናት ተማረች። ትምህርቱ ያመጣው ለውጥ በግንቡ ላይ በዐይን ይታያል። የመጀመሪያው በጋ ሥዕሎች በየክፍላቸው ተነጣጥለው የቆሙ ናቸው፤ የኋለኞቹ ግን አንዱ ከሌላው እየፈሰሰ፣ ተመልካቹን አብሮ ያራምዳል። የበለጡትም እነዚህ ናቸው።

በ1976 ከክርስቲና ሽሌሲንገርና ከዶና ዳይች ጋር ስፓርክ የተባለውን የሕዝብ ሥነ ጥበብ ማዕከል ቬኒስ በተባለው የሎስ አንጀለስ ሠፈር፣ በቀድሞ ፖሊስ ጣቢያ ሕንፃ መሠረተች። የግድግዳ ሥዕል ጠባቂ ካላገኘ ዕድሜው አጭር ነው። ለምሳሌ ባካ ለ1984ቱ ኦሎምፒክ በአውራ ጎዳና ዳር የሣለችው የሴቶች ማራቶን ሥዕል በ2019 ቀለም ተቀብቶበታል።

ታላቁ ግንብ በ2017 በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ሰፈረ፤ ሠዓሊዋም በ2023 ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሜዳልያ ተቀበለች። ከ1960ዎቹ ወዲህ ያለውን ታሪክ የሚቀጥለው ክፍልም ሥራው ተጀምሯል።