ዕፅዋት የሚሰጡት ምላሽና የሰው ጥበብ

በየግቢው አበባ የሚያጠጡ ሰዎች ከአትክልታቸው ጋራ ሲነጋገሩ መስማት ለማንም እንግዳ ነገር አይደለም። «አይዞሽ፤ ዛሬስ ጠወለግሽ» ትላለች ወይዘሮዋ፤ ውሃውንም ታፈስላታለች። ጽጌረዳዪቱስ መልስ ትሰጣለችን? ገበሬ ቢጠየቅ ያለ ጥርጥር አዎን ይላል፤ የበቆሎው ቅጠል በቀትር ሲጠቀለል ባየ ጊዜ ማሳው ውሃ እንደ ጠማው ያውቃልና። ሊቃውንትና የሥነ ጥበብ ሰዎች ግን በዚህ ሳይወሰኑ፥ ዓይን የማያየውን የዕፅዋትን ምላሽ በመሣሪያ ለመመዝገብና ለማሰማት ከመቶ ኀምሳ ዓመት በላይ ደክመዋል። እኛም ዛሬ የምንጽፈው ስለዚሁ ድካም ነው፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1873 ዓ.ም. እንግሊዛዊው የሕክምና ሊቅ ጆን በርደን ሳንደርሰን፥ በቻርልስ ዳርዊን አሳሳቢነት፥ ዝንብ የምታጠምደውን የአሜሪካ ተክል መረመረ። የዚህች ተክል ቅጠል እንደ ወጥመድ ሁለት ክፍል ነው፤ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ጠጕሮች በሃያ ሴኮንድ ያህል ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከተነኩ ወጥመዱ በቅጽበት ይከደናል። ሳንደርሰንም ጠጕሩ ሲነካ በቅጠሉ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምልክት እንደሚያልፍ አረጋገጠ።

ከእርሱ በኋላ የተነሣው ሰው ግን ከሁሉ ይበልጥ ሊወሳ የሚገባው ነው። ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ በ1858 ዓ.ም. በቤንጋል ተወልዶ፥ በእንግሊዝ አገር ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ በካልካታ ከተማ በፕሬዚደንሲ ኮሌጅ የፊዚክስ መምህር ሆነ። በዚያን ዘመን ለሕንዳዊ መምህር የሚከፈለው ደመወዝ ለአውሮጳዊው ከሚከፈለው ያነሰ ስለ ነበረ፥ ቦስ ሥራውን ሳያጓድል ሦስት ዓመት ሙሉ ደመወዙን አልቀበልም ብሎ አስተማረ። በደመወዝ የሚተዳደር አንባቢያችን ይህ ምን ያህል ጽናት እንደሚጠይቅ ሳንነግረው ያውቀዋል።

ሜይ 10 ቀን 1901 ዓ.ም. ቦስ በለንደን በሮያል ኢንስቲትዩሽን ጉባኤ ፊት ቆሞ፥ የእንስሳ ጡንቻና ተራ ተክል ሲነኩ ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ምላሽ እንደሚሰጡ፥ መርዝም ሲያገኛቸው ምላሹ እንደሚጠፋ አሳየ። ቈይቶ በሮያል ሶሳይቲ ጉባኤ ከተቃወሙት መካከል ዋናው ያው በርደን ሳንደርሰን ነበረ። እንደ እርሱ አስተያየት እንዲህ ያለው ምላሽ ለተራ ተክል አይገባም፤ ቦስም የጽሑፉን ቃል እንዲያለዝብ ተመከረ። እርሱም እምቢ ስላለ ጽሑፉ ሳይታተም በማኅበሩ መዝገብ ቤት ተቀመጠ።

ቦስ ግን ወደ ካልካታ ተመልሶ በአገሩ የእጅ ሠራተኞች አማካይነት መሣሪያዎቹን እያሻሻለ መሥራቱን ቀጠለ። ከመሣሪያዎቹ አንዱ ክሬስኮግራፍ ይባላል፤ የተክልን እድገት ብዙ ሺህ ጊዜ አጕልቶ፥ ተክሊቱ በደቂቃዎች ውስጥ ምን ያህል እንዳደገች የሚጽፍ ነው። በ1917 ዓ.ም. በስሙ የሚጠራውን የምርምር ተቋም አቋቋመ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ የለንደን ሊቃውንት መሣሪያውን መርምረው ትክክለኛነቱን መሰከሩ፥ የሮያል ሶሳይቲም አባል አደረጉት። ዕፅዋት ውሃን ወደ ላይ የሚስቡት እንደ ልብ ትርታ ባለ እንቅስቃሴ ነው ማለቱ ተቀባይነት አላገኘም። በውስጣቸው የኤሌክትሪክ ምልክት መተላለፉ ግን ዛሬ የተረጋገጠ ነገር ነው።

ይህ ታሪክ አንድ አደገኛ ወንድም አለው። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1966 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ክሊቭ ባክስተር የተባለ የውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ባለሙያ፥ መሣሪያውን በቢሮው በነበረች ተክል ቅጠል ላይ አሰረ። ቅጠሉን ላቃጥለው ብሎ ባሰበ ጊዜ መርፌው ዘለለ፤ እንግዲህ ተክል የሰውን ሐሳብ ታነባለች ብሎም አወጀ። ወሬው በጋዜጣና በመጽሐፍ ዓለምን ዞረ። በ1975 ዓ.ም. የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከሙከራዎቹ አንዱን በጥንቃቄ ደግመው ቢሞክሩት ተክሎቹ አንዳች ነገር እንደ ሰሙ የሚያሳይ ምልክት አላገኙም። የቦስ ሥራ ለረጅም ጊዜ ከእንዲህ ያለው ወሬ ጋራ ተደባልቆ መታየቱ ለእኛ እጅግ ያሳዝነናል፤ አንዱ በሚዛን የተለካ ሲሆን ሌላው በምኞት የተለካ ነውና።

የሥነ ጥበብ ሰዎችም የገቡት በዚሁ በሚዛንና በምኞት መካከል ነው። ኦስትሪያዊቷ ክሪስታ ሶመረር የዕፅዋት ትምህርትና ቅርጻ ቅርጽ ተምራለች። በ1992 ዓ.ም. ከፈረንሳዊው ሎራን ሚኞኖ ጋራ ሆና ስሙን «ምላሽ የሚሰጥ የዕፅዋት እድገት» ልንለው የምንችለውን ሥራ ሠራች። በጨለማ ክፍል ውስጥ አምስት ሕያዋን ተክሎች በማሰሮ ይቆማሉ። ጐብኚው እጁን ወደ ተክሊቱ ሲያቀርብ ወይም ሲነካት በገላውና በተክሊቱ መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ልዩነት በሽቦ ወደ ኮምፒዩተር ያልፋል፤ በፊቱም ባለው መጋረጃ ላይ በብርሃን የተሣሉ ተክሎች እጁን እየተከተሉ ይበቅላሉ። እጁን በዝግታ ያቀረበ ሰው መልካም ሥዕል ያገኛል። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት ፈረንሳውያን ሠዓልያን ሲዳሰሱ የሚያዜሙ የተንጠለጠሉ ተክሎችን አሳዩ።

እዚህ ላይ የተክሊቱን ድርሻ ከሰው ድርሻ መለየት ያስፈልጋል። በእነዚህ ሥራዎች ተክሊቱ ከሁሉ ይልቅ እንደ ራዲዮ አንቴና ታገለግላለች፤ በማሰሮው ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ቢቆም ኮምፒዩተሩ አንድ ዓይነት ምልክት ማግኘቱ አይቀርም። ዜማውንም ሥዕሉንም የመረጠው ሰው ነው። ቢሆንም ልጆች ቅጠልን ከመቅጠፍ ይልቅ በቀስታ መዳሰስን የሚማሩበት ክፍል በከንቱ ተሠራ ለማለት አንደፍርም።

ከሁሉ ይልቅ ለቤት የሚጠቅመው ግን በ2006 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተሠራው ነው። በማሰሮው አፈር ውስጥ እርጥበት የሚለካ መሣሪያ ተከሉ፤ አፈሩም ሲደርቅ ተክሊቱ በስልክ ደውላ ውሃ ትለምናለች፥ ስትጠጣም ታመሰግናለች። በእርግጥ የሚናገረው አፈሩ ነው፤ ልመናው ግን እውነተኛ ነው፤ የሚዘነጋ ሰው ባለበት ቢሮ ሁሉ አንድ ቢኖር እንወዳለን።

ተክሊቱ ራሷ የምታሰማው ድምፅ መኖሩ በሰፊው የተሰማው በ2023 ዓ.ም. ነው። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የቲማቲምና የትምባሆ ተክሎችን በማይክሮፎን ሲያዳምጡ፥ ውሃ የተነፈጉት ወይም ግንዳቸው የተቈረጠው በሰዓት 30 እስከ 50 ያህል ጊዜ ሲፈነዱ ሰሙ፤ ደኅነኞቹ ግን በሰዓት አንድ እንኳ አያሰሙም። ድምፁ የሰው ጆሮ ከሚሰማው በላይ ቀጭን ስለሆነ ዝቅ ተደርጎ ሲሰማ እንደሚፈካ ፈንዲሻ ነው። ምክንያቱም ምናልባት ውሃ በሚያመላልሱት ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ የሚፈነዳ የአየር አረፋ ሊሆን ይችላል። ተክሊቱ ለሰው ብላ ጮኸች የሚል ማስረጃ የለም። በ2025 ዓ.ም. ግን እነዚሁ ተመራማሪዎች፥ እንቁላሏን የምትጥልበት ቅጠል የምትፈልግ የእሳት እራት ሁለት ጤነኛ የቲማቲም ተክሎች ቢቀርቡላት፥ የተጠማ ተክል ድምፅ በአጠገቧ ከሚሰማው ይልቅ ዝም ያለችውን እንደምትመርጥ፥ ጆሮዋ ከተደፈነ ግን እንደማትለይ አሳይተዋል።