የእትብት ውፍረትና የጽንስ ዕድገት

ጽንስ ከእናቱ የሚያገኘው ምግብና ኦክስጅን ሁሉ የሚያልፈው በእትብት ነው። እትብት በተለመደው ሁኔታ ሁለት ደም ቅዳና አንድ ደም መልስ ሲኖረው፣ እነዚህን የደም ሥሮች ከመጨፍለቅና ከመታጠፍ የሚጠብቃቸው የዋርተን ጄሊ የተባለው ለስላሳ አካል ነው። ጄሊው ሲሳሳ እትብቱ ይቀጥናል፤ ይህም በአልትራሳውንድ ሊለካ ይችላል።

ልኬቱ የሚወሰደው እትብቱ ከጽንሱ ሆድ ጋር ከሚገናኝበት ሥፍራ አጠገብ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ክብ ሆኖ በሚታይበት አቅጣጫ፣ ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ነው። አዘንብሎ የተወሰደ ልኬት እትብቱን ከእውነተኛው መጠን ወፍራም አድርጎ ያሳያል። የእትብት ውፍረት እስከ ስምንተኛው ወር ገደማ እየጨመረ ሄዶ ከዚያ በኋላ ስለማያድግ፣ ውጤቱ የሚተረጎመው ከእርግዝናው ዕድሜ ጋር ተነጻጽሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ የአልትራሳውንድ ምርመራ እንዲደረግ የመከረበት አንዱ ምክንያት የእርግዝናን ዕድሜ በትክክል ለማወቅ ነው።

ለእርግዝናው ዕድሜ ከሚጠበቀው ከ10ኛው ፐርሰንታይል በታች የሆነ እትብት ቀጭን ይባላል። ቀጭን እትብት በክብደት አነስተኛ ከሆነ ጽንስና ከሽርት ውሃ ማነስ ጋር ተያይዞ ይታያል። በአንጻሩ ወፍራም እትብት የስኳር ሕመም ካለባቸው እናቶችና ከመጠን በላይ ከገዘፈ ጽንስ ጋር ሊታይ ይችላል።

ይሁን እንጂ ተያያዥነት ምርመራን አይተካም። ዕድገቱ የተስተካከለን ጽንስ እትብቱ ቀጠነ ተብሎ ብቻ ያለጊዜው እንዲወለድ ማድረግ ጉዳት ነው፤ ምልክቱን አይቶ ማለፍም እንዲሁ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ስለሆነም እትብቱ ቀጥኖ ሲገኝ የጽንሱን ጭንቅላት፣ የሆድ ዙሪያና የጭን አጥንት መለካት፣ የሽርት ውሃውን መጠን ማየት፣ የእናቲቱን የደም ግፊት መመርመር ይገባል። ጽንሱ ካነሰ የእትብት ደም ቅዳ የዶፕለር ምርመራ አስፈላጊ ነው። በዲያስቶል ማብቂያ የደም ፍሰቱ መጥፋት ወይም ወደ ኋላ መመለስ የእንግዴ ልጁ በብርቱ መዳከሙን ያመለክታል። ለአደጋ በተጋለጡ እርግዝናዎች የዶፕለር ክትትል በወሊድ ዙሪያ የሚደርሰውን የጽንስና የጨቅላ ሞት እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል።

ዶፕለር በሌለበት የጤና ተቋም፣ የማኅፀን ከፍታዋ ከእርግዝናው ሳምንት ወደ ኋላ የቀረችና የጽንሱ እንቅስቃሴ የቀነሰባት እናት የእትብት ልኬት ሳይጠበቅ ሳይዘገይ ወደ ከፍተኛ ሕክምና መላክ ይኖርባታል።