ለቲዩል የሚሆን ቢላዋ፦ ስንገዛ ምን እንመልከት? ሕጉስ ምን ይላል?

የበዓላት ሰሞን ሲደርስ ብዙ ቤተሰቦች ድንኳናቸውን ጭነው ወደ ኪኔሬት ዳርቻ፣ ወደ ገሊላ ወይም ወደ ነጌቭ ይወጣሉ። ወጣቶቻችንም ከጓደኞቻቸው ጋር በእግር ይጓዛሉ። ለዚህ ጊዜ ከሚገዙት ዕቃዎች አንዱ የማይታጠፍ፣ አፎት ያለው ቢላዋ ነው። በየሱቁ «የአደን ቢላዋ» እየተባለ በርካሽም በውድም ይሸጣል። እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። ጥሩው ከመጥፎው በምን ይለያል? ከገዛነው በኋላስ የት ይዘነው መሄድ እንችላለን? ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይብሳል፤ መልሱን አለማወቅ ልጅን ፍርድ ቤት ሊያቆም ይችላልና።

ስለ ብረቱ

ይህ ሙያ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በጎንደርና በአካባቢው ብዙ አባቶቻችን ወናፍ እየነፉ ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያና ቢላዋ ይቀጠቅጡ ነበር። በዚሁ ሙያቸው «ቡዳ» ተብለው ቢሰደቡም፣ የሰደባቸው ገበሬ ማረሻውን ይዞ የሚመጣው ወደ እነሱ ነበር። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ይህን ሥራ የሠሩ አባት ካሉ፣ ቢላዋውን ከመግዛታችሁ በፊት ቢያዩላችሁ መልካም ነው።

ብረት በእሳት ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንደ መስታወት ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ እንደገና በለዘብተኛ እሳት ይሞቃል። ፋብሪካም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጥንካሬው «ሮክዌል» በሚባል መለኪያ ይለካል። ለዱር ሥራ የሚሆን ቢላዋ አብዛኛውን ጊዜ ከ56 እስከ 60 ባለው ውስጥ ይገኛል። ከዚህ በጣም ካነሰ ቶሎ ይደንዛል፤ በጣም ከበለጠ ስለቱ ይቆያል፣ ግን ሊሸራረፍ ይችላል፣ ለመሳልም ያስቸግራል። ይህ ቁጥር በካርቶኑ ላይ ካልተጻፈ ሻጩን ጠይቁ።

ብረቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በቀላሉ የሚሳል፣ ነገር ግን የሚዝገው ተራ የካርቦን ብረት ነው። ከተጠቀሙበት በኋላ ማድረቅና ዘይት መቀባት ይፈልጋል። ሁለተኛው ክሮም የተጨመረበት፣ ዝገት የሚቋቋመው ነው። ለባሕር ዳርቻና ሎሚ፣ ቲማቲም ለሚቆረጥበት ሥራ ሁለተኛው ይሻላል።

ስለ ቅርጹ

ርዝመት ጉልበት አይደለም። ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስለትና ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ የጀርባ ውፍረት እንጨት ለመጥረብም፣ ሥጋ ለመቁረጥም ይበቃል። ጀርባው 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ቢላዋ ጠንካራ ቢመስልም ሽንኩርት ሲቆርጡበት ይሰነጥቀዋል እንጂ አይከትፈውም። በሁለቱም በኩል ስለት ያለው ጩቤ ደግሞ ለጉዞ ሥራ አይመችም። አውራ ጣት በጀርባው ላይ ማሳረፍ አይቻልም፤ ፖሊስ ሲያየውም ስለ ዓላማው ጥርጣሬ ያድርበታል።

ቀጥሎ የሚታየው ወደ እጀታው የሚገባው የብረት ጅራት ነው። ጅራቱ እስከ እጀታው መጨረሻ ከደረሰና ሰፊ ከሆነ ቢላዋው በቀላሉ አይሰበርም። በእጀታው ጠርዝ ዙሪያ ብረቱ ከታየ ጥሩ ምልክት ነው። እጀታው ውስጡ ክፍት ሆኖ ክብሪትና ኮምፓስ የተጨመረበት ቢላዋ ልጆችን ይማርካል፣ ግን ብዙ ጊዜ ስለቱ ከእጀታው ጋር የተያያዘው በትንሽ ብረት ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይላቀቃል።

እጀታውን በረጠበ እጅ ያዙት። ከተንሸራተተ ተዉት። ከስለቱ ጋር በሚገናኝበት በኩል ጣት ወደ ፊት እንዳያልፍ የሚያግድ ጉብታ ሊኖረው ይገባል። አፎቱንም ገልብጣችሁ ነቅንቁት፤ ቢላዋው ከወደቀ አፎቱ አይረባም።

ቤት ከደረሳችሁ በኋላ ወረቀት ቁረጡበት። ከዚያ ደረቅ እንጨት ሩብ ሰዓት ያህል ጥረቡበትና ወረቀቱን እንደገና ሞክሩ። አሁንም ሳይቀድ ከቆረጠ ብረቱ ጥሩ ነው። ስለቱን መብራት ሥር ስትይዙት የሚያበራ ነጥብ ካለ እዚያ ላይ ደንዟል ወይም ተሸርፏል ማለት ነው።

«የአደን ቢላዋ» የሚለው ስም አያታላችሁ። በእስራኤል የዱር እንስሳት ከ1955 ጀምሮ በሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው። ተተኩሶበት የሞተ እንስሳም ካሽር አይደለም። ስለዚህ በእኛ ቤት ይህ ቢላዋ ሥራው ዳቦ፣ ሥጋና እንጨት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1977 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 186 ከቤቱ ወይም ከግቢው ውጭ ቢላዋ የያዘ ሰው፣ የያዘው ለተገቢ ዓላማ መሆኑን ካላስረዳ፣ እስከ 5 ዓመት እስራት ሊፈረድበት እንደሚችል ይደነግጋል። ልብ በሉ፤ ማንንም ባይነካበትም መያዙ ብቻ ይበቃል፣ ማስረዳትም የያዡ ግዴታ ነው። ስለቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ በሞላ ወይም በሌላ ዘዴ ወደማይታጠፍ ቢላዋ የማይለወጥ ሰንጢ፣ በዕብራይስጥ ኦላር የሚባለውን፣ ሕጉ ለይቶ ያየዋል። የማይታጠፈው ቢላዋ ግን ይህን ቅለት አያገኝም።

ለልጆቻችን ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። በ2016 የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በነበሩት ኤሚ ፓልሞር የተመራው ኮሚቴ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ከመጠን በላይ የፖሊስ ክትትል እንደሚደርስባቸው በሪፖርቱ ገልጿል። ልጁ ለመፈተሽ ከተቆመ፣ ቦርሳው ውስጥ ከባለፈው ቲዩል የተረሳ ቢላዋ መኖሩ ትንሽ ነገር አይሆንም። የተከፈተ ፋይል በጻባም በሥራም መንገድ ሊዘጋ ይችላል።

ስለዚህ ከልጆቻችሁ ጋር በእነዚህ ነገሮች ተስማሙ።

ቢላዋው ከቤት የሚወጣው በቲዩሉ ቀን ብቻ ነው፤ ሲመለሱ በዚያኑ ቀን ወደ ቦታው ይመለሳል። በመንገድ ላይ በአፎቱ ሆኖ ከድንኳኑና ከምግቡ ጋር በቦርሳው ሥር ይቀመጣል። በቀበቶ ላይ፣ በኪስ ወይም በመኪና ውስጥ አይተውም። ወደ ገበያ ማዕከል፣ ወደ አውቶቡስ ጣቢያና ወደ ጭፈራ ቤት በፍጹም አይገባም። «ራሴን ለመከላከል ነው የያዝኩት» የሚለው መልስ ያድነኛል ብሎ ማንም አይመን።

ልጅ ከተያዘ ደግሞ ከመናገሩ በፊት ጠበቃ የማማከር መብት አለው። በ1995 በወጣው ሕግ የተቋቋመው የመንግሥት ተከላካይ ጠበቆች ቢሮ፣ ሳኔጎሪያ ጺቡሪት፣ ለዚህ የቆመ ነው። ወላጆችም ዕብራይስጥ አልችልም ብላችሁ በልጃችሁ አስተርጓሚነት ወረቀት አትፈርሙ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ።

ቢላዋ ለሚያውቅበት ሰው ጥሩ መሣሪያ ነው። ስትገዙ ብረቱን መርምሩ፤ ለልጃችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ግን መቼና የት እንደሚይዘው ቁጭ ብላችሁ ንገሩት።